ጎጃም ውስጥ ሆኖ ስለ ጎጃም ሳያዳሉ መጻፍ፦ ለዊኪፔዲያ በጎ ፈቃደኞች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ቢቸና ወይም እንጅባራ ተቀምጠው በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ በነፃ ለሚጽፉ ሰዎች ነው። ደሞዝ የለም። አለቃም የለም። ማንም ገብቶ ይጽፋል፣ ማንም ገብቶ የተጻፈውን ያርማል። ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ ግን የቆመበት አንድ ሕግ አለ። ጽሑፍ ሁሉ ከገለልተኛ አመለካከት ይጻፋል። ይህ ሕግ በድምፅ ብልጫ አይሻርም። ሁላችንም ተሰብስበን “ለዛሬ ይለፈን” ብንል እንኳ አያልፈንም።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው “ታዲያ አቋም የለኝም ልበል?” ብሎ ነው። በፍጹም። አቋም ይኑራችሁ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ አቋም የሌለው ሰው ከየት ይመጣል? ገለልተኛ መሆን ያለበት ጽሑፉ ነው። ከእናንተ ጋር የማይስማማ ሰው ገጹን አንብቦ “የእኔንም ወገን ሐሳብ በትክክል ነው ያስቀመጠው” ካለ፣ ሥራችሁን ሠርታችኋል። ይህ ሙያ ነው። በልምምድ ይመጣል።

1. ከመጻፋችሁ በፊት

መለያ ክፈቱ። በብዕር ስም ይሁን። ፌስቡክ ላይ የምትጠቀሙበትን ስም አትድገሙት። የሥራ ቦታችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁ፣ የቤተሰብ ፎቶ የተጠቃሚ ገጻችሁ ላይ አይቀመጥ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ ጎጃም ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማንም መንገር አያስፈልግም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። ምንጭ ጠቅሶ፣ ረጋ ባለ ቋንቋ መጻፍ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ሕይወታችሁን አደጋ ላይ የሚጥል ገጽ ከሆነ አትንኩት። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይጻፈው። ማንም አይወቅሳችሁም።

ቀጥሎ ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ። ደማችሁ የሚፈላው በየትኛው ጉዳይ ነው? ወንድሙ የሞተበት ሰው ስለዚያ ውጊያ ባይጽፍ ይሻላል። መጻፍ ካለበትም ከማተሙ በፊት ሌላ ሰው ያንብብለት።

የሥራ ጉዳይም አለ። የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው የወረዳውን ገጽ ራሱ አያርም። የአንድ ፓርቲ አባል የፓርቲውን ገጽ አይነካም። ያየው ስሕተት ካለ በገጹ የውይይት ክፍል ላይ “እኔ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ይህ ቢስተካከል” ብሎ ይጠይቅ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ማን እንደከፈለው በግልጽ መናገር አለበት። የዊኪሚዲያ (ዊኪፔዲያን የሚያስተናግደው ድርጅት) የአጠቃቀም ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይህን ያስገድዳል።

2. በማያጣላው ጀምሩ

የመጀመሪያ ገጻችሁ መተከል ወይም ፋኖ አይሁን። ጮቄ ተራራ ይሁን። ግሽ ዓባይ፣ መርጡለ ማርያም ወይም ዲማ ጊዮርጊስ ቢሆንም ጥሩ ነው። እዚያም ቢሆን አድልዎ ይደበቃል። “ግርማ ሞገስ የተላበሰው ጮቄ” ብሎ የሚጀምር ገጽ ካያችሁ ቅጽሉን አውጡትና ቁጥር አስገቡ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ወደ ዓባይ የሚገቡ ብዙ ወንዞች ከእሱ ይነሳሉ። አንባቢው ግርማ ሞገሱን ራሱ ያየዋል። “በቅኔ ተወዳዳሪ የሌለው” የሚል ካገኛችሁም ማን እንዳለው ጠይቁ። ጎንደርም፣ ወሎም የሚያነብ ሰው አለ። በእነዚህ ገጾች ላይ እጃችሁ ሲፈታ ወደ ከባዱ እለፉ።

3. የትኛው ጎጃም?

ስለ ጎጃም የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ የሚመጣው ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስለሚያወሩ ነው። አንዱ የሚያወራው በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ስለነበረው ጎጃም ነው። በዚያ ጎጃም ውስጥ አገው ምድርም መተከልም ነበሩ። ሌላው የሚያወራው ዛሬ በስማቸው “ጎጃም” የሚል ቃል ስላላቸው የአማራ ክልል ዞኖች ነው። አዊ ዛሬ የራሱ ዞን ነው፤ ዋና ከተማው እንጅባራ ነው። መተከል ደግሞ በአሁኑ አከላለል ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የትኛውን ጎጃም እንደምትሉ ተናገሩ። “ታሪካዊው የጎጃም ክፍለ ሀገር” ወይም “የዛሬው ምሥራቅ ጎጃም ዞን” በሉ። አንባቢው እንዳይገምት።

የመተከል ገጽ ሦስት ቦታ ይፈልጋል። አስተዳደሩን የሚገልጸው ክፍል ዛሬ በተግባር ያለውን ይጻፍ። የታሪክ ክፍሉ ቀድሞ የጎጃም አካል እንደነበር ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የይገባኛል ጥያቄው በራሱ ክፍል ይምጣ። ማን ጠየቀ፣ መቼ፣ በምን መሠረት፣ ማን ተቃወመ። እዚህ ላይ ጉሙዞችና ሺናሻዎች ራሳቸው የሚሉት መግባት አለበት። ጎጃም ላይ ቁጭ ብለን ስንጽፍ ሁሌ የሚረሳን ይኸው ነው። ሁለት ወገን ብቻ ያለ ይመስለናል፤ ሦስተኛው ግን መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ካርታም ተመሳሳይ ሕግ አለው። ወሰን የሚሠመረው መሬት ላይ በተግባር ባለው ሁኔታ ነው፤ መሆን ነበረበት በሚባለው አይደለም። ካርታ የምትሠሩ ካላችሁ መስመር ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

4. ምንጭ

ያለ ምንጭ አይጻፍም። ፌስቡክ ምንጭ አይደለም። ቴሌግራም ምንጭ አይደለም። የጓደኛ የስልክ ወሬም አይሆንም። “ሁሉም የሚያውቀው ነው” የሚባለው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው።

የአማርኛ ምንጭ ስንጠቀም ግን ማን እንደሚናገር ማወቅ ግድ ነው። አዲስ ዘመን የመንግሥት ጋዜጣ ነው። አሚኮ የአማራ ክልል መንግሥት ሚዲያ ነው። ሪፖርተር የግል ነው። የቢቢሲ፣ የዶይቼ ቬለና የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍሎች የውጭ አገር ጣቢያዎች ናቸው። ማንንም መጠቀም ይቻላል። ለምን እንደተጠቀምንበት ግን እንወቅ። አንድ ባለሥልጣን ምን ብሎ እንደነበር ለማስረዳት የመንግሥት ጋዜጣ ጥሩ ምንጭ ነው። በውጊያው ማን እንዳሸነፈ ለመወሰን ግን የአንዱ ተዋጊ ሚዲያ ብቻውን አይበቃም። የታጣቂዎቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽም እንዲሁ።

ጎጃም ውስጥ ከባድ የሚሆነው የቃል ምንጭ ነው። የቢቸና ሽማግሌ ስለ አርበኝነት ዘመን የሚነግሯችሁ የትም መጽሐፍ ላይ የለም። ቀረርቶው፣ ፉከራው፣ የአልቃሽ ግጥሙ የተሸከመው ታሪክ አለ። ዊኪፔዲያ ግን ሌላ ቦታ ያልታተመ አዲስ ጥናት አይቀበልም። ታዲያ ይጥፋ? አይጥፋ። ሽማግሌውን ቅዱ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ስማቸውንና ቀኑን መዝግቡ። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲ ታሪክ ክፍል ወይም ለሚያሳትም ተመራማሪ ስጡት። ሲታተም ትጠቅሱታላችሁ። ረጅም መንገድ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

5. ዓረፍተ ነገሩን ፈልቅቃችሁ እዩት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እንዲህ የሚል ረቂቅ መጣ እንበል፦

“በእምባቦ ጦርነት ጀግናው የጎጃም ሠራዊት በሸዋዎች ተንኮል ተጠቃ።”

ጎጃሜ ሆኖ ይህን ያነበበ ደስ ይለዋል። ግን ምን ተማረ? ዓመቱን አላወቀም። ማን ከማን እንደተዋጋ አላወቀም። ለምን እንደተዋጉም አልተነገረውም። “ጀግናው” ያለው ማን ነው? “ተንኮል” የተባለውስ ምኑ ነው? አሁን እንጻፈው፦

“በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በተካሄደው ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸነፉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ሁለቱ ነገሥታት ከዓባይ ደቡብ ያለውን አገር ለመቆጣጠር ይፎካከሩ ነበር።”

ይህን የሸዋም ሰው የጎጃምም ሰው አይቃወመውም። ግን አላለቀም። እምባቦ ዛሬ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነው። ሁለት ንጉሦች ሲፎካከሩ አገሩ ባዶ አልነበረም። የአገሬው ኦሮሞ ለእነዚያ ሁለት ኃይሎች ምን እንዳለና ከእምባቦ በኋላ ምን እንደገጠመው የሚናገር ምንጭ ፈልጉ። እሱ ካልገባ ገጹ ገና ነው።

ሌላ የአማርኛ ጉድ አለ፤ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች የማያውቁት ችግር ነው። የአንቱታ ጉዳይ። ከላይ “አሸነፉ”፣ “ተማረኩ” ብያለሁ። አንዱን ንጉሥ “አሸነፈ” ብዬ ሌላውን “ተማረኩ” ብል፣ አንድም የስድብ ቃል ሳልጠቀም አዳልቻለሁ። የገጾቻችንን ታሪክ ብታዩ ሰው ሳያስበው የወደደውን አንቱ፣ የጠላውን አንተ ሲል ታገኛላችሁ። በሕይወት ባሉ ፖለቲከኞች ላይማ ይብሳል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ወጥ አሠራር ያዙ። ወይ ሁሉም አንቱ፣ ወይ ሁሉም አንተ። የመረጣችሁትን በውይይት ክፍሉ ላይ ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዳያፈርሰው። እኔ ለነገሥታትም ለገበሬም፣ ለጄኔራልም ለታጣቂም አንድ ዓይነት ግሥ ቢሆን ነው የምመርጠው።

ቃላትም አሉ። የአንድ ወገን ሰው ሲሞት “ተሰዋ”፣ የሌላው ሲሞት “ተደመሰሰ” የሚለው አጻጻፍ ገጹን ያበላሸዋል። ሁለቱም ተገደሉ። ከተማ “ነፃ ወጣ” ወይም “ተወረረ” ከማለት “በእነ እገሌ ቁጥጥር ሥር ገባ” በሉ። ፋኖ ራሱን ፋኖ ይላል፤ በዚያ ስም ይጻፍ። መንግሥት “ጽንፈኛ” ይለዋል፤ “መንግሥት ጽንፈኛ ይለዋል” ተብሎ ይጻፍ። ደጋፊዎቹ የሚሉትም እንደዚያው፣ የደጋፊዎቹ ተብሎ።

“እንዲህ አለ” ብሎ ተናጋሪውን መጥቀስ ለምን እንደሚጠቅም ለሚጠራጠር አንድ ነገር ላስታውስ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን በሽብርተኝነት የሰየመው ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ያው ምክር ቤት መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ስያሜውን አነሳ። በ2013 በራሱ አንደበት “አሸባሪው” ብሎ የጻፈ ገጽ በ2015 ምን ሊሆን ነው? “ምክር ቤቱ በዚህ ቀን ሰየመ” ብሎ የጻፈው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምሮ ቀጠለ።

6. ሚዛን ማለት እኩል ማካፈል አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ቅን ሰው ይሳሳታል። ለአንዱ ሦስት መስመር፣ ለሌላው ሦስት መስመር ሰጥቶ “ገለልተኛ ሆንኩ” ይላል። ሚዛኑን የሚወስነው የምንጮቹ ክብደት ነው።

የጎጃሟን የመራዊ ከተማ እንይ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ስለሆነው ነገር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን አስታውቋል። መንግሥት በበኩሉ ሰላማዊ ሰዎች ዒላማ አልተደረጉም ብሏል። ይህን “አንዳንዶች ተገድለዋል ይላሉ፣ ሌሎች አልተገደሉም ይላሉ” ብሎ መጻፍ ገለልተኛነት አይደለም። ማስረጃን መደበቅ ነው። ኮሚሽኑ ማን እንደሆነ ንገሩ፤ በአዋጅ የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ የሆነ ተቋም ነው። ያገኘውን ጻፉ። የመንግሥትን ምላሽም ሳትቆርጡ ጻፉ። “ጭፍጨፋ” የሚለው ቃል ርዕስ ላይ ይውጣ አይውጣ የሚለውን ደግሞ ምንጮቹ የሚጠቀሙበትን ቃል አይታችሁ ተወያዩበት። ከመንግሥት ውጭ ያሉ ታጣቂዎች ፈጸሙት ስለተባለ ግድያም በዚሁ መስፈርት ጻፉ። በአንዱ ላይ ጠንክሮ በሌላው ላይ የሚለሰልስ ጸሐፊ ቶሎ ይታወቃል።

ከዚህ የሚከብደው ሰው የሚወደውን መጻፍ ነው። በላይ ዘለቀን ውሰዱ። አባ ኮስትር! ጎጃም ውስጥ ስሙ ሲነሳ የማይነቃ የለም። ጣሊያንን በዱር በገደሉ ተዋጋ። ከነፃነት በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጠው። ከዚያም በመንግሥት ላይ በማመፅ ተከሰሰ። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተገደለ። ጣሊያንን የተዋጋ ሰው በገዛ ንጉሡ ፍርድ ቤት መሰቀሉ እስካሁን ያንገበግባል። እኔንም ያንገበግበኛል። ገጹ ላይ ግን “በግፍ ተሰቀለ” ብዬ በዊኪፔዲያ አንደበት አልጽፍም። የተከሰሰበትን እጽፋለሁ። ስለ ፍርዱ የታሪክ ጸሐፊዎች የሰጡትን አስተያየት በስማቸው እጽፋለሁ። ሕዝቡ በዘፈንና በቀረርቶ እንዴት እንደሚያስታውሰው የሚገልጽ አንድ ሙሉ ክፍል እሠራለሁ፤ ያ ትዝታ ራሱ እውነት ነውና። ቁጭቱን አንባቢው ከፍሬ ነገሩ ያገኘዋል።

የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅም ተመሳሳይ ነው። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ ገበሬው እምቢ አለ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሱ። ገበሬው ግብሩ ርስቱን እንዳያስነጥቀው ይፈራ ነበር። መንግሥት ደግሞ ግብሩን እንደ ማሻሻያ ነበር የሚያየው። ሁለቱም ይጻፍ።

7. ክርክር ሲነሳ

ሰው የጻፋችሁትን ሰረዘው። አትናደዱ። አንዴ መልሱት፣ ምክንያታችሁን ጻፉ። ደግሞ ከሰረዘው ወደ ውይይት ክፍሉ ሂዱ። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከ3 ጊዜ በላይ የሌላውን ለውጥ መመለስ አይፈቀድለትም። እኛም እዚያ ድረስ ባንሄድ ጥሩ ነው።

ውይይት ላይ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ተናገሩ። “አንተ የእነ እገሌ ካድሬ” ከተባለ ነገሩ አብቅቷል። ዘር አይነሳ። የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅ። ክርክሩን ፌስቡክ ላይ አውጥቶ “ኑ ድምፅ ስጡ” ማለትም ክልክል ነው። የሚቆጠረው ማስረጃ እንጂ ጭብጨባ አይደለም።

እኛ ሽማግሌ አይደለንም። ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምቶ ያስታርቃል፤ አንዱን “ይቅር በል” ይላል፣ ሌላውን “ካሥ” ይላል። የእኛ ሥራ አለመስማማቱን እንዳለ መመዝገብ ነው። ማስታረቅ ስንጀምር እውነቱን መሸራረፍ እንጀምራለን።

አሁን ማንም የማይጽፈውን ነገር ልናገር። ኢንተርኔት። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ በየሰዓቱ ይገባል። ደምበጫ ያለው ግን ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል። ውይይት በአንድ ሌሊት ከተዘጋ፣ ስለ ጎጃም የሚወስነው ጎጃም የሌለ ሰው ይሆናል። ይህ ማንም ሳያስበው የሚፈጠር አድልዎ ነው። ስለዚህ፦

- አከራካሪ ገጽ ላይ ውይይት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ክፍት ይቆይ።
- መብራትና ኔትወርክ የሌለበት ሰው ረቂቁን ስልኩ ማስታወሻ ላይ ወይም ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ይለጥፈው።
- ኪዊክስ በሚባለው መተግበሪያ ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። ረቂቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ያለውን አንብቡ።
- ዝም ያለ ሰው ተስማማ ማለት አይደለም። መስመር ተቋርጦበት ይሆናል።

8. ቡድኑ እንደ ቡድን

አንድ ሰው ብቻውን ሲጽፍ ገለልተኛነት የዓረፍተ ነገር ጉዳይ ነው። አሥር ሰው ሆናችሁ ስትገናኙ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰው ቡድኑን ማየት ይጀምራል። የት ተሰበሰቡ? ማን ሻይ ገዛላቸው? የማን ባንዲራ ሰቀሉ?

ቦታ ሲመረጥ ቤተ መጻሕፍት ወይም የዩኒቨርሲቲ ክፍል ይሁን። የፓርቲ አዳራሽ በነፃ ቢሰጣችሁም አትግቡ። ቲሸርት፣ ትራንስፖርት፣ ምሳ ከፖለቲካ ድርጅት አይወሰድ። ባንዲራ አትስቀሉ፤ ዓርማ ያለው ሆነ የሌለው፣ ሁለቱም ሰው ያስቀይማሉ። የቴሌግራም ቡድኑ ሥዕል መጽሐፍ ወይም ጣና ሐይቅ ቢሆን ይበቃል። አባላት በግል ገጻቸው የፈለጉትን ይጻፉ። በቡድኑ ስም ግን አንድም የፖለቲካ ቃል አይወጣም።

“በዚህ ሁሉ መከራ መሐል ዝም ትላላችሁ?” የሚል ይመጣል። ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፤ ከልብ መልሱለት። ቡድኑ የሚናገረው የራሱን ሥራ በሚነካ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ገጽ ሲታገድ፣ ጸሐፊ ሲታሠር። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2012 ለ24 ሰዓት ራሱን የዘጋው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የያዘው የቅጂ መብት ረቂቅ ሕግ ነፃ ድረ ገጾችን ሊያፍን ይችላል ተብሎ ስለተፈራ ነው። ከዚያ በፊት ከ1,800 በላይ አርታዒዎች በግልጽ ተወያይተውበታል። ቱርክ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 እስከ ጥር 2020 ዊኪፔዲያን ዘግታ ነበር። መንግሥቱ ያልወደዳቸው ጽሑፎች እንዲነሱ ይፈልግ ነበር። አልተነሱም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እገዳው ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይጥሳል አለ። ሁለቱም ጊዜ የተናገሩት ስለ ራሳቸው ሥራ ነው። ለምርጫ ማንንም አልደገፉም።

ተቃራኒውም አለ። የክሮኤሽያኛው ዊኪፔዲያ ለዓመታት በጥቂት ተመሳሳይ አመለካከት ባላቸው አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረውን የአገራቸውን ፋሺስት አገዛዝ ወንጀል የሚያሳንሱ ጽሑፎች ተከማቹ። የተቃወማቸውን አባረሩ። የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በጉዳዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የጥናት ሪፖርት አወጣ። የአማርኛው ትንሽ ነው። ንቁ ጸሐፊው ጥቂት ነው። አምስት የአንድ ሰፈር ልጆች ተስማምተው ሊይዙት ይችላሉ። ስለዚህ በቡድናችሁ ውስጥ የማትስማሙበት ሰው መኖሩን እንደ ሀብት ቁጠሩት። ከሌለ ፈልጉ። ከእንጅባራ አንድ፣ ከአሶሳ አንድ፣ ከነቀምት አንድ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ጋብዙ። የመተከልንና የእምባቦን ገጾች አብራችሁ ጻፉ።

9. ስልክ ሲደወል

ይደወላል። ከቢሮ ይደወላል፣ ከጫካ ይደወላል፣ ከሁሉም በላይ ከዘመድ ይደወላል። የዘመዱ ይከብዳል። “የአንተ እጅ አለበት አሉ፤ ስለ እኛ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጻፋል ወይ?” ይላሉ ጋሼ። መልሱ አክብሮት ያለው፣ አጭርና ሁሌም አንድ ዓይነት ይሁን፦ “ጋሼ፣ የእኔ ገጽ አይደለም፤ የሁሉም ነው። የተሳሳተ ነገር ካለ የታተመ ማስረጃ ይስጡኝ፣ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ። ያለ ማስረጃ ግን እኔ ብሰርዘው ነገ ሌላው ይመልሰዋል።” ይህ እውነት ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱ በገጹ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል።

ለባለሥልጣኑም ለታጣቂውም መልሱ ያው ነው። ቃሉን አትቀይሩ። ማስረጃ ከሰጡ በእርግጥ አስገቡላቸው፤ ትክክል ከሆኑ ትክክል ናቸው። ማስፈራሪያ ከሆነ ግን ክርክር አይገባም። ከገጹ ውጡ። ቀኑንና የተባለውን መዝግቡ። ከቡድኑ ለሁለት ለምታምኗቸው ሰዎች ንገሩ። ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ለጸሐፊዎች ደኅንነት የሚሠራ ክፍል አለው፤ ጻፉለት። ገጹን ከአገር ውጭ ያለ አርታዒ ይረከብ፤ ምንጮቻችሁን አስተላልፉለት።

የተዋችሁትን ገጽ ስም በቡድኑ ዝርዝር ላይ “ጠባቂ ይፈልጋል” ብላችሁ አስቀምጡ። በየወሩ መጨረሻ አንድ ሰው ዝርዝሩን ይክፈት፣ የመጡትን ለውጦች ያንብብ፣ ምንጭ የሌለውን ያውጣ፣ አዲስ የወጣ ሪፖርት ካለ ይጨምር።